ሰባት ቤት ቆጥረን

እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ሳልጨርስ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ልጆቼ፣ ቃሉ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። የምጽፈው ግን ከሰው የሰማሁትን አይደለም፤ የራሴን ነው።

የተማርኩት ደባርቅ፣ ቤተ ክህነት ባሠራው ትምህርት ቤት ነው። ወንዱም ሴቱም በአንድ ክፍል ይማርበታል። በእኛ ክፍል አርባ አንድ ወንዶችና ሰባት ሴቶች ነበርን። ደርግ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተወረሰ። መስቀሉ ከበሩ ወርዶ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፤ የጠዋቱ ጸሎትም ቀረ። በጸሎቱ ፋንታ በሰልፍ ቆመን ለአብዮቱ ሰማዕታት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናደርግ ጀመር። ዳይሬክተራችን መምህር ይግዛው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጡ ሰው ናቸው። ሰዓታቸውን እያዩ ያችን ደቂቃ ሲያስረዝሟት ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አባታችን ሆይ በልብ ተብሎ እስኪያልቅ ነው። አንድ ቀን ካድሬው አንገት ደፍተን መቆማችንን አይቶ ለአብዮቱ ባለን ፍቅር አመስግኖናል።

መምህር ይግዛው ከቆሎ ትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ላይኛው ታችኛውን ያስጠናል። አስተማሪውም መጽሐፉም ያንስ ነበርና ለእያንዳንዱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይሰጡታል። ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ያስጠናቸዋል፤ ልጆቹ ፈተና ከወደቁ ከእሱም ውጤት ይቀነሳል። እኔና ጓደኛዬ ጤናዬ ለደምለው ደረስን።

ደምለው የአምባራስ ልጅ ነው። ቀጠን፣ ረዘም ያለ፤ ዳዊት የደገመ፤ ደባርቅ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚማር። ኮምፓስ አልነበረውም። ጥቁር ክር ጠመኔ ላይ አስሮ፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ሰሌዳው ላይ ተጭኖ ክብ ሲያዞር፣ ክቡ የወፍጮ ድንጋይ ይመስል ገጥሞ ይወጣል። እኔ ጂኦሜትሪ ጠላቴ ነበር። እሱ አይቆጣም፤ ያልገባኝ እንደሆነ ዝም ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ክሩን አጥፎ እንደገና ይጀምራል። መስኮቱ መስተዋት አልነበረውምና ጉሙ እየገባ ሰሌዳው ላይ ላብ ይሠራል። እኔ ሰሌዳውን የማይ እየመሰልኩ እጁን አያለሁ። እሱም ደብተሬን እያረመ መስመሩ እስኪጠፋው ይቆያል።

አንድ ቀን ጤናዬ እርሳሷን ጣለችና፣ «አንተ ደምለው፣ እኔም እኮ ተማሪህ ነኝ። እኔ ብወድቅም ይቀነስብሃል» አለችው።

እስከ ጆሮው ቀላ። እኔማ ጠረጴዛው ሥር ብገባ በወደድኩ።

በኅዳር ግድም ነው። ጤናዬ ቀድማን ወጣች፤ እሱ ጠመኔውን በወረቀት እየጠቀለለ ቀረ።

«የሺ፣ የቤት ሥራ ልስጥሽ» አለኝ።

«የጂኦሜትሪ ከሆነ ለነገ አይደርስልኝም።»

«የጂኦሜትሪ አይደለም። ሰባት ቤትሽን ቆጥረሽ ነይ። በአባትሽም በእናትሽም።»

በአገራችን ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ዘራቸው እስከ ሰባት ትውልድ ይጠራል፤ አንድ ስም ከገጠመ ነገሩ ያከትማል። ቤቴ እንዴት እንደደረስኩም አላውቀው።

አባቴ ቄስ ሀብተ ሚካኤል የዘር ነገር ሲነሣ ደስታቸው ነበር። ለትምህርት ነው ብዬ ዋሸኋቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና እያንዳንዱን ስም ከነሀገሩ፣ ከነጠባዩ አስጻፉኝ። ልጃቸው የአያቶቿን ስም በመፈለጓ ኮርተው ያን ቀን ለጎረቤት ሁሉ አወሩ።

በማግሥቱ ደብተሬን ከእሱ ወረቀት ጎን ዘረጋነው። ጤናዬን ዳኛ አደረግናት። በጣቷ እየተከተለች ስትወርድ ስድስተኛው ቤት ላይ ቆመች። በእኔም በእሱም ወገን «ወልዴ» የሚባል ሰው አለ።

ጤናዬ ጣቷን ከስሙ ላይ አላነሣችም።

ደምለው ቅዳሜ በሌሊት ተነሥቶ አምባራስ ወጣ። ሰኞ ከትምህርት ቀረ፤ ማክሰኞ ከንፈሩ በብርድ ተሰንጥቆ መጣ።

«የእኔው ወልዴ ከጃናሞራ የመጣ ነው፤ አንድ ዓይናም ነበር» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ያንቺው ስንት ዓይን ነበረው?»

አባቴን ጠየቅሁ። የእኛው ወልዴ የዳባት ሰው፣ አነጣጥሮ ተኳሽ፣ ሁለት ዓይኑ የበራ ነበር። ይህን ስነግረው ደምለው ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ ሲፈተን፣ ለአባቴ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። የሁለታችንን ገጾች ጎን ለጎን ከደብተሬ ጀርባ በመርፌ ሰፋኋቸው። እጄን እንኳ አልያዘኝም፤ በዚያ ዘመን በእኛ ቤት ወግ የተቆጠረ ሰባት ቤት ከመሳሳም ይበልጣል።

ዓመቱ ሰባ፣ ቀይ ሽብር ነው። የዚያን ዓመት ነገር ታውቁታላችሁ፤ ጎንደር ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚታይ መንገደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግረን ነበር። መጋቢት ላይ እናቴ እማማ ፋንታዬ ወንድ ልጅ ወለደች። ከእኔ በኋላ አራት ቀብራለች። ይኸኛው በአሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ትንፋሹ ያፍነው ጀመር፤ ጡት መያዝ አቃተው።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ለሞት ከደረሰ ግን አርባ አይጠበቅም። ሳይጠመቅ ቢሞትስ? አባቴ ይህን ሲያስቡ ፊታቸው አመድ መሰለ። ክርስትና የሚያነሣው ዳባት ያለው አጎቴ ዋሴ ነበር፤ ተልኮበት መንገዱ በወታደር ተዘጋ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ጠዋቱን ለስብሰባ ተጠርቶ አዳራሽ ገብቷል፤ ጥሎ የወጣ አድኃሪ ነው ተብሏል። የደብሩ ካህናትና ዲያቆኑ ለጥምቀቱና ለቅዳሴው ብቻ ነበር የሚበቁት።

እኔ ሁለት ቀን ከትምህርት ቀርቼ ነበር። ደምለውም ተማሪው ሁሉ ወደ ስብሰባው ሲነዳ ተነጥሎ፣ ያመለጠኝን ትምህርት በወረቀት ገልብጦ መጣ። ከዚያ በፊት በራችንን ረግጦ አያውቅም። አባቴ ልጁን በነጠላ ጠቅልለው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ገጠሙት።

«አንተ ልጅ፣ ተጠምቀሃል?»

«አዎ አባ።»

«ትቈርባለህ?»

«እቈርባለሁ።»

«እንግዲያ እግዜር ነው ያመጣህ። ልጄን ክርስትና አንሣልኝ።»

ደምለው ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

ልጆቼ፣ ያን አስተያየት ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ክርስትና ያነሣ ሰው ለቤቱ አበልጅ ነው። አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና ይበልጥ የጠበቀ ነው፤ ቢቆጥሩት አይርቅም። ደምለው ወንድሜን ካነሣ ለእኔ ወንድም ነው፤ አለቀ። አላነሣም ቢል ደግሞ ሌላ ሰው እስኪገኝ ሕፃኑ አይቆይም። አባቴ ከነገራችን የሚያውቁት የለም፤ ያመነታው ስብሰባውን ፈርቶ መሰላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ፈራህ?» አሉት።

ልጁ በነጠላው ውስጥ እንደ ጫጩት ሲጢጥ አለ። እኔ ለደምለው ራሴን ነቀነቅሁለት። አንድ ጊዜ ብቻ።

«አነሣለሁ አባ» አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። የሚያጠምቁት የደብሩ ቄስ የአንሺውን የክርስትና ስም ጠየቁ። ስንት ወር አጠገቤ ተቀምጦ ስሙን አልነገረኝም፤ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርማ።

«ወልደ ሩፋኤል» አለ።

ማተብ ሲጠየቅ አላዘጋጀንም። ደምለው ኪሱ ገብቶ ያንን ክብ የሚሠራበትን ጥቁር ክር አወጣ። የልጁ አንገት ላይ ሲታሰር ገና የጠመኔ ብናኝ ነበረበት። እናቴ ልጁን ስጦታ አለችው። በሦስተኛው ቀን ጡት ያዘ።

ከዚያ ወዲያ ደምለው እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። እናቴ «አበልጄ» እያለች ያላትን ታቀርብለታለች፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል። እንደዚያ የተመኘነው ቤት ተከፍቶልን፣ እኛ ግን ቀና ብለን መተያየት አቃተን። ጥናት ላይ ጤናዬን መካከላችን አስቀመጣት። ምንም ሳትቀልድ ተቀመጠች።

አንድ ቀን ከቤታችን ሲወጣ ደጅ ላይ ተከተልኩት። «ትጸጸታለህ?» አልኩት።

«ልጁን ባየሁት ቁጥር አልጸጸትም። አንቺን ባየሁሽ ቁጥር…» ብሎ ተወውና፣ «ግቢ፤ ብርድ ነው» አለኝ።

ግንቦት ላይ ጥናታችን መሐል ሦስት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ገቡ። ደምለው ሰሌዳው ላይ ክብ በእጁ እየሠራ ነበር፤ ክሩ የለማ። የመጋቢቱን ስብሰባ ለምን እንደጠፋ ጠየቁት። ክርስትና ላነሣ ሄጄ ነው አለ። ሳቁ። የማንን ልጅ ሲሉት ግን አፉን ዘጋ፤ ቤታችን እንዲመጡ አልፈለገም። መምህር ይግዛው የእኔ ተማሪ ነው እያሉ እስከ በሩ ተከተሏቸው፤ በሰደፍ ገፉአቸው። ክቡ ሳይገጥም ቀረ።

እናቴ ስንቅ ቋጠረች፤ አበልጅዋ ነውና ማንንም አላስፈቀደችም። ወሳጇ እኔ ሆንኩ። የእስር ቤቱ ጠባቂ ከቤተ ሰብ በቀር አይቀበልም።

«ምኑ ነሽ? ሚስቱ ነሽ?» አለኝ።

ያችን ቃል ከሌላ ሰው አፍ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አይደለሁም» አልኩት። «አበልጁ ነን።»

እሱም የባላገር ልጅ ነበርና ዓይኑን ሰበረ። አገልግሉን ተቀበለኝ። ሃያ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ባዶው አገልግል ሲመለስ ክዳኑ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ በከሰል የተሠራች ክብ አገኛለሁ፤ ሌላ ምንም የለም፤ መጻፍ ክልክል ነው። በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠባቂው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰልኝ።

«ከእንግዲህ አታምጪ፣ እኅቴ» አለኝ።

ሬሳ አልተሰጠም። ማልቀስም ክልክል ነበር። አምባራስ ላሉት ወላጆቹ በገበያተኛ ላክንባቸው። አባቴ ግን ጧፍ አበሩ፤ ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግተው፣ ፍትሐቱን ራሳቸው አደረሱ። ወልደ ሩፋኤል እያሉ። የክርስትና ስሙን ደባርቅ ላይ የሚያውቅ ከእኛ ቤትና ካጠመቁት ቄስ በቀር የለም፤ ያን ቀን ባያነሣ ኖሮ እዚያ በስሙ የሚጸልይለት ባልነበረ። ይህ ለእኔ መጽናኛ ይሁን ቅጣት፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ትምህርቴን ያኔ ተውኩ። ደብተሮቼን ለማገዶ ላወጣ ስል አባቴ አንዱን አነሡ። ጀርባውን ገለጡ። ራሳቸው ያስጻፉኝን ስሞች አዩ፤ ከጎናቸው ደግሞ በሌላ እጅ የተጻፉ የማያውቋቸውን ሰባት ቤቶች። ከእነዚያ ሥር «ደምለው» ይላል።

«ቆጥራችሁ ነበር?» አሉኝ።

«ቆጥረን ነበር።»

«ያን ቀን ደጃፍ ላይ… ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ ነበር፣ አባዬ። ልጁ ይሞት ነበር።»

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ለሁሉ ነገር ጥቅስ አያጡም። ያን ቀን አጡ። ስጦታ እናቴ ጭን ላይ ሆኖ ማተቡን ይጎትታል። አባቴ ብዕር አምጪ አሉኝ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ከሁለቱም ወገን ስሞች በታች፣ መሐል ላይ፣ አንድ ቃል ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ያርጋል የሚባል ደግ ሰው አግብቼ ኖሬያለሁ፤ ነፍሱን ይማር። ስጦታም ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ጂኦሜትሪ እንደ እኔ አልሆነለትም። ወረቀቱ በእጄ ነው። ከላይ የሁለታችን ሰባት ሰባት ቤት ሙሉ ስም ተጽፎ፣ ጤናዬ በጣቷ እየተከተለች ከወልዴ ስም በቀር አንድም የሚገጥም ያጣችበት። ከታች፣ ከእሱም ከእኔም ወገን የሚቆጠር አንድ ስም ብቻ አለ።

«ስጦታ» ይላል።