የሩበን ዜማ በእኔ እጅ

ሩበን ፔልዝ ፒያኖ በጆሮው ይመታ ነበር እንጂ የሙዚቃ ኖታ ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። ይህን በኒውዮርክ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በ1911 ሃያ ስምንተኛው ጎዳና ላይ፣ ዘፈን በኖታ የታተመበት ወረቀት በሚሸጥበት መደብር ውስጥ ፒያኖ እየመታሁ ለገበያተኛ እዘፍን ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን ባርኔጣውን በእጁ የጨበጠ ቀጭን ወጣት ፊቴ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ዜማ ሊያመልጠኝ ነው፤ ቶሎ ይጻፉልኝ!»

«እኔ ዘፈን እሸጣለሁ እንጂ የሸሸ ዜማ አላድንም።»

«እንግዲያው ሲያመልጠኝ ቆመው ይዩ» አለና ማንጎራጎር ጀመረ። ሳላስበው እርሳሴን አነሳሁ።

ከዚያ ወዲያ በየምሳ ሰዓቱ መጣ። እሱ ያንጎራጉራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዜማው ሲያልቅ ዓይኑ ጣቶቼ ላይ ይቀራል።

በዓመቱ እንድንጋባ ጠየቀኝ።

«ዊኒ፣ የአይሪሽ ካቶሊክ ሚስት ካገባሁ እናቴ የሞትኩ ያህል በይሁዲ ወግ ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስልኛለች።»

«የእኔስ አባት ይሁዲ አማች መጣልኝ ብሎ ጮቤ የሚረግጥ መሰለህ?»

እየሳቅን ለመኸር ተቀጣጠርን። መኸር ሳይደርስ አንዲት ስመ ጥር የመድረክ ዘፋኝ ዘፈኑን ወደደችለትና ከተማ ለከተማ ፒያኖ እየመታ እንዲያጅባት ጠራችው።

«ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። አትሂድ ካልሽኝ ግን እቀራለሁ።»

ኩራት ያዘኝና «አትሂድ» አላልኩትም። እሱም ሄደ።

ስድስቱ ሳምንት ሁለት ዓመት ሆነ። ከክሊቭላንድ፣ ከሴንት ሉዊስ ፖስትካርድ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ፖስትካርዱም ቀረ። የመደብራችን መስኮት የሩበን ስም በታተመባቸው ዘፈኖች ተሞላ፤ እየዘፈንኩ የምሸጠውም እኔው ነበርኩ።

ኦገስት የሚባል ረጋ ያለ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ለትዳር ሲጠይቀኝ እሺ አልኩት። ለሰርጋችን አራት ቀን ሲቀረው ሩበን ውድ ካፖርት ለብሶ ከተፍ አለ።

«አንድ ዘፈን ጻፊልኝ።»

«ዛሬማ ጸሐፊ መቅጠር ትችላለህ።»

«ይቺን ካንቺ በፊት ሰው እንዲሰማት አልፈልግም።»

ተቀመጥኩ። አንድ ሰው የበደላት ሴት ደጅ ላይ ቆሞ «ክፈቺልኝ» እያለ የሚለምንበት ዘፈን ነበር። እስከ መጨረሻው ጻፍኩት። ወረቀቱን ሳቀብለው የእጮኝነት ቀለበቴን አየ።

«እንዴት ናት?» አለ በቀስታ።

«ቆንጆ ናት። ዘገየች እንጂ።»

ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ወጣ።

ዘፈኗ አገር አዳረሰች። ኦገስት ጢሙን ሲላጭ በየማለዳው ያፏጫት ነበር። አንድም ቀን ተው አላልኩትም።

ሩበን የሚጫወትባቸው ቲያትር ቤቶች ሲኒማ ቤት ሆነው ሥራ ካጣ በኋላ፣ በ1931፣ ቺካጎ ሆቴል ውስጥ ልቡ ቀጥ አለች። ኦገስት ቁርስ ላይ ከጋዜጣ አነበበልኝ።

«ምስኪን፣ ሳያገባ ሞተ። ያቺን ዘፈን ለማን ጽፏት ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሩበን» የሚል ስም ብቻ ነበር።

ኦገስት ፊቴን አየኝ። ከዚያ ጋዜጣውን አጠፈና ሻዬን ቀዳልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሲላጭ የሚሰማው የምላጩ ድምፅ ብቻ ነበር። ዳግመኛ ያቺን ዘፈን አፏጭቶ አያውቅም።