ከፔዳሉ በታች ያለው ቀዳዳ

«እትዬ ቺያኦ፣ እኔ እኮ የብስክሌት በሽታ የማውቀው በአፍንጫዬ ነው!» አለች ፔይሮንግ የዝናብ ልብሷን እያራገፈች። «የዚህኛው በሽታ ካቴናው ነው። እሱን ብቻ ይቀይሩልኝ።»

እትዬ ቺያኦ የጥገና ቤቱ ባለቤት ናቸው። አጭር፣ ደንዳና፣ ነገር የማያበዙ ሴት። ጥፍራቸው ሥር ያለው ግራሶ አብሯቸው የተወለደ ይመስላል።

«በአፍንጫሽ?» አሉ።

«በአፍንጫዬ! አንዴ ካሸተትኩት አለቀ። በሉዎዶንግ ከተማ እንደኔ ብስክሌት የሚያውቅ ልጅ ካለ እስቲ ይምጣና እንተያይ!»

በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት አያቷ ጋሼ ጂያን በባዶ ድዳቸው ፈገግ አሉ። ፔይሮንግ ፊቷን አዞረች። ያ ድድ ያቅለሸልሻታል። አያቷ አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ ሲያኝኩ ኖረው፣ ጥርሳቸውን አንድ ባንድ አስረክበው ጨርሰዋል። የተሠራላቸውን ጥርስ ደግሞ «ይቆነጥጠኛል» ብለው አያደርጉትም። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ጠዋት ጠዋት የሩዝ ገንፎዋን ስትበላ ይስቅባታል።

እውነቱን ለመናገር ፔይሮንግን የማያቅለሸልሻት ነገር ጥቂት ነው። ብስክሌቱን ከአያቷ በተረከበች ቀን የመሪውን መጠቅለያ ስትፈታው፣ የስንት ዘመን ላብ የጠጣው ጨርቅ እንደ አልቅት ጣቷ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏት ነበር። «ሦስት ቀን እጄን ታጠብኩ፤ አሁንም ይሸተኛል» ትላለች እስከ ዛሬ።

ብስክሌቱን ግን ትወደዋለች። ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ብረት ነው፣ ሻንጣ ከፊት ከኋላ ተጭኖበት ተራራ የሚወጣ። አያቷ የሚኖሩባትን ደሴት ሦስት ጊዜ ዞረውበታል። ጎማው፣ ኮርቻው፣ ፍሬኑ፣ ማርሹ በየጊዜው ተቀያይሯል፤ ከድሮው የቀረው ቴላዮው ብቻ ነው፣ አጥንቱ። እሷም በተራዋ አዲስ መጠቅለያ፣ የስልክ ማስቀመጫና እንደ እንቁራሪት የሚጮህ ደወል ጨምራበታለች። የክፍሏ ልጆች ብስክሌት በአንድ ጣት ይነሣል። ይነሣ! ቅዳሜ፣ ከመመረቃቸው በፊት፣ ባሕሩን በቀኝ ይዘው ደሴቲቱን ሊዞሩ ነው። ዘጠኝ ቀን። ፔይሮንግ በዚህ ብረት ካልሆነ አልሄድም ብላለች።

ችግሩ፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፔዳሉ ሲረገጥ ያቃስታል።

እትዬ ቺያኦ ብስክሌቱን ሰቀሉት። ፔዳሉን በእጃቸው አዞሩት። ከዚያ ጆሯቸውን ቴላዮው ላይ ለጥፈው ነቀነቁት። ከውስጥ ቦጭ፣ ቦጭ የሚል ድምፅ መጣ።

«ካቴና እንዲህ ይላል?» አሉ።

ፔይሮንግ ካቴናውን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

ሴትዮዋ ክንድ የሚያህል መፍቻ አምጥተው፣ ሁለቱ ፔዳሎች የሚገናኙበትን ቦታ መፍታት ጀመሩ። ዝጎ ተጣብቋል። አንዴ ተንጠላጠሉበት፤ እምቢ። ሁለቴ፤ እምቢ። በሦስተኛው ቀጭ አለና ተፈታ።

ውኃው ወጣ። ውኃ ከተባለ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ የሚለጠጥ ነገር ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። የበረሮ እግሮች ይዋኙበታል። በረሮው የት እንደሄደ አይታወቅም። ሽታው ዓሣ በከረመበት ባልዲ ውስጥ የተረሳ ካልሲ ነው። ግማሹ በፔይሮንግ ነጭ ጫማ ላይ አረፈ።

«ኧ! ኧ! ኡፍፍፍ! ጫማዬ!» በአንድ እግሯ እየዘለለች አፍንጫዋን ያዘች። ጉሮሮዋ ድረስ መጣባት። «ምን ዓይነት ደደብ ነው እንዲህ ያደረገው? ማን ነው ይሄን ሁሉ ግም ውስጡ ያጠራቀመው? ስለ ብስክሌት ምንም የማያውቅ፣ ቆሻሻ ሰው መሆን አለበት!»

«አፍንጫሽን ለቀቅ አድርጊው፣ እንፈልገዋለን» አሉ እትዬ ቺያኦ። መብራት አምጥተው ከሥር አዩ። «ዝናብ በኮርቻው በኩል ሠርጎ ይገባል። የማይቀር ነው፣ እዚህ ከተማ ምን ሌላ አለ? ለዚህ ነው ከታች ትንሽዬ ቀዳዳ የሚተዉለት፤ የገባው እንዲወጣ። ይሄ ግን ተደፍኗል።»

በካቻቢቴ ጫፍ ጫር ጫር አድርገው አተር የምታክል ነገር አወጡ። ደርቃለች፤ ላይዋ ያብለጨልጫል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ማን ነው የደፈነው?» አሉ።

ፔይሮንግ ያቺን አተር የምታክል ነገር አወቀቻት። ባለፈው መኸር፣ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ያለ ማቋረጥ ሲወርድ፣ ብስክሌቱን ገልብጣ ስታጥብ ቀዳዳዋን አይታት ነበር። «ጉድ! የሠሩት ሰዎች ሳይደፍኑት ረስተውታል!» ብላ ማስቲካዋን ከአፏ አውጥታ ጠቀጠቀችበት። ላዩን ሮዝ የጥፍር ቀለም ቀባችው። ውኃ እንዳይገባ። ያን ቀን በራሷ ተገርማ መስታወት ፊት ቆማ ነበር።

አፏን ከፈተች። ከመናገሯ በፊት ግን ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«እኔ ልሆን እችላለሁ» አሉ አያቷ።

እጃቸውን ገልበጥ መለስ እያደረጉ ያያሉ፣ የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ይመስል። «አላስታውስም። ግን ልሆን እችላለሁ። ባለፈው ወርም ምድጃውን ሳላጠፋ ወጥቼ... እሱንም አላስታውስም ነበር።»

ፔይሮንግ ያን ቀን ታስታውሳለች። እናቷ የቤቱን መስኮት ሁሉ ከፍታ «አባዬ፣ አንድ ነገር ቢደገም የመፍቻ ሣጥኑን እወስዳለሁ፤ ሰው ሳይጎዱ» ብላለች። ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን ከፍተው፣ መፍቻዎቹን በዘይት ጨርቅ ወልውለው መልሰው መደርደር፣ ለአያቷ የቀረው ሥራ እሱ ብቻ ነው።

«ቴላዮው ይድናል» አሉ እትዬ ቺያኦ ብረቱን ኳ ኳ እያደረጉ። «ደህና ብረት ነው። ፔዳሉን የሚያዞረው ኩሽኔታ ግን ተበልቷል፤ ውኃ የማያስገባውን አዲሱን ዓይነት እገጥምበታለሁ። ሐሙስ ይደርሳል።»

ሐሙስ። ቅዳሜ መንገድ። ዝም ካለች ምንም የሚጎድልባት ነገር የለም።

አያቷ ከአንገታቸው ቀይ ክር ጎተቱ። የሣጥኑ ቁልፍና ከቤተ መቅደስ ያመጡት ክታብ አንድ ላይ ተንጠልጥለውበታል። «እንግዲህ ሣጥኑን አንቺው መጥተሽ ውሰጂው፣ ቺያኦ። ልጄ ሳትጠይቀኝ ብሰጥ ይሻላል» አሉ። ክሩ ተወሳሰበባቸው። «ፔይሮንግ፣ እስቲ ይሄን ቋጠሮ ፍቺልኝ፤ ዓይኔ አያይልኝም።»

ቀረበች። ክሩ በላብ ጠቁሯል፣ ያሟልጫል። የአያቷ አንገት ቆዳ ጣቷን ሲነካት ረጥቦ ቀዝቅዞ ነበር። እንደ ሌላው ቀን ቢሆን ትዘል ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉም በላይ ያቅለሸለሻት የራሷ አፍ ነው፤ ያኔ የተፋችው ማስቲካ የእንጆሪ ጣዕም ምላሷ ላይ የተመለሰ መሰላት።

ቋጠሮውን በጥፍሯ ያዘችው። ላላ አለላት። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ይዛ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው፣ ደግማም አሰረችው፤ ቁልፉንም ወደ ሸሚዛቸው ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«አባባ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች። ድምጿ ቀጠነ። «የደፈንኩት እኔ ነኝ። በማስቲካ።»

አንድ ሰው «ጎበዝ» የሚላት መስሏት ቀና አለች።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ቺያኦ መወልወያውን እየወረወሩላት። «እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። ጋሼ ጂያን ደግሞ በምናቸው ያኝኩታል፣ በድዳቸው? በይ ባለ አፍንጫዋ፣ ወለሉን ጥረጊ።»