ባሕር የበላት ቀን

ሚንዳ ዛሬም ለንጋቱ ቅዳሴ ስትወጣ ጋዜጣ በብብቷ ሸጉጣ ነው። የፊሊፒንሷ ደሴት የቦሆል ሴቶች ነገሩን ከለመዱት ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ቢሆንም ሳይለክፏት አያልፉም። «አንቺ ሴትዮ፣ ልታስቀድሺ ነው ወይስ ወሬ ልታነቢ?» ይሏታል። ከጎኗ ያለውን የአንድ ሰው ቦታ በጋዜጣው ታለብስና ቁጭ ትላለች። ያን ጊዜ ልቧ እብስ ይላል፤ ከውሃው ወለል በታች ወደነበረው የመርከበኞች ምግብ ቤት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ሙሉ ስሟ ሉዝቪሚንዳ ነው፤ ግን በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ማን ሙሉ ስም ይጠራል? በአንዲት ሁለት ሺህ መንገደኛ በምትጭን መርከብ ላይ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ላይ ላዩን ምንጣፍ፣ ፒያኖና አበባ ነው። «ለሠራተኛ ብቻ» የሚለውን በር ገፍተው ሲወርዱ ግን ሌላ አገር፤ ቀለም የተቀባ ብረት፣ የሚያጉረመርም ቧንቧ፣ ከመርከቧ አፍንጫ እስከ ጭራዋ የሚዘልቅ መተላለፊያ። «አውራ ጎዳና» ይሉታል። ጋሪ የሚገፋው፣ ሳህን የተሸከመው፣ ፎጣ አገልድሞ ወደ ሻወር የሚሮጠው እዚያ ይጋፋል። አብዛኛው ፊሊፒናዊ ነው።

ፊሊፒናዊ ደግሞ ያለ ንጋት ቅዳሴ ገና መጣ አይልም። ከዲሴምበር አሥራ ስድስት እስከ ሃያ አራት፣ ዘጠኝ ቀን፣ ዶሮ ሳይጮህ ይነሳል። ዘጠኙን ሳያጓድል የጨረሰ የለመነውን ያገኛል። አንዷ የጎደለችበት እንግዲህ ለከርሞ ይበለው።

በዚያ ዓመት አባ ዶናል የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ለመንገደኞቹ ሲባል ተሳፍረው ነበር። የልብስ እጥበቱ አለቃ ጋሽ ቴባን፣ ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ የሸበቱ ሰው፣ ሄደው ለመኗቸው፤ እሺ አሉ። የሰላጣው ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሶ መንበር ሆነ። ከጥብስ መሰኪያ ቀጫጭን እንጨትና ከፍራፍሬ ቅርጫት ላስቲክ የኮከብ ፋኖስ ተሠራ። ደወል ስለሌለ አንዱ አስተናጋጅ ብርጭቆ በማንኪያ ይመታል።

በመጀመሪያው ንጋት፣ ቅዳሴው ሊጀመር ሲል፣ አንድ ረጅም ልጅ በሩ ላይ ቆመ። ከሞተር ክፍል ገና መውጣቱ ነው፤ ቱታው ዘይት በዘይት ሆኗል። ከሚንዳ ጎን ባዶ ቦታ ነበረ።

«ግባ እንጂ! ምን ይገትርሃል?» አለችው።

«ወንበሩን አበላሻለሁ።»

ከመንገደኞች ክፍል ሰብስባ ያመጣችውን የትናንት ጋዜጣ ዘረጋችለት። «በል፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጥ።»

ሳቀ። ስሙ ሮዴሊዮ ነበር፤ ዴሊዮ ይሉታል። ቅዳሴው እስኪያልቅ አንዴም አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ግን ከኪሱ አንዲት ዳዶ፣ የብሎን ማሰሪያ፣ አወጣና ባዶ የሳርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ጣላት። ቃጭ አለች።

«አንድ» አለ። «በየቀኑ አንድ እጥላለሁ። የብሎን ሰው በብሎን ነው የሚቆጥረው።»

የሞተር ሰው ላይ መውጣት አይፈቀድለትም፤ አልጋ አንጣፊም ታች መውረድ የለባትም። ስለዚህ የነበራቸው ያቺ ቅዳሴና ከቅዳሴ በኋላ የሚጠጧት የዝንጅብል ሻይ ብቻ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ሚንዳ ከአራት ሰዓት እንቅልፍ ያለማንም ቀስቃሽ ትነሳ ጀመር። ለጸሎት ብላ ነው እንዳንል፣ ፀጉሯን ሁለት ጊዜ ታበጥር ነበር።

«ምን ለምነህ ነው?» አለችው ሻዩን እየነፋች።

«ዘጠኙ ሲያልቅ ለአንቺ ብቻ እነግርሻለሁ።»

«ለእኔ ለምን?»

«ያለ አንቺ የማይሆን ነገር ስለሆነ ነዋ።»

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ወዳዋለች፤ ምን ይደበቃል? ግን እናቷን አሰበች። የታላቅ እህቷ ባል መርከበኛ ነበር፤ ሁለት ልጅ ትቶላት በአንዱ ወደብ ቀልጦ ቀረ። ሚንዳ ለሥራ ስትነሳ እናቷ እጇን ይዘው «የባሕር ሰው ባል አይሆንም፤ ማይልኝ» ብለው አስምለዋታል። ዴሊዮ ደግሞ ሃያ አራተኛው ቀን ኦክላንድ ሲደርሱ ውሉ አልቆ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያገኛል?

ስለዚህ ፍርዱን ወደ ላይ ላከችው።

«ስማ» አለችው። «ዘጠኙን ጨርስ፤ የምትጠይቀኝን እሺ እላለሁ። ለእናቴም የምመልስበት አፍ ይኖረኛል። አንዷ ከጎደለች ግን ደግመህ እንዳታነሳብኝ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ከምድር የሆነ ሰው ይህን ውል ቢሰማ ምን ችግር አለው ይላል። ችግሩ መርከቧ ከሆኖሉሉ ተነስታ ወደ ምዕራብ መሄዷ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት አውራ ጎዳናው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «የቀን መለወጫውን መስመር ስለምናቋርጥ ነገ ዲሴምበር 21 ይሆናል» ይላል።

«ሃያስ?» አለ ኬክ ጋጋሪው።

«ሃያማ የለም።»

«እንዴት የለም? ልደቴ እኮ ነው!»

«እሰይ! ዘንድሮ አታረጅም።»

ሳቁ ሞቅ እንዳለ ጋሽ ቴባን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ቆጠሩ፣ ደገሙ። «ወይ ጉድ! ስምንት ነው የሚሆነው» አሉ። ሚንዳ ቀና ስትል ከወዲያ በኩል ዴሊዮ አያት፤ ዓይን ለዓይን ተጋጩና ሁለቱም አቀረቀሩ።

አባ ዶናል ተጠየቁ። «እግዚአብሔር የሚቆጥረው ልብን ነው፣ ልጆቼ» አሉ። ሁሉም አሜን አለ፤ አንድም የተጽናና አልነበረም። ሃያ አንድ ላይ ሁለት ጊዜ ይቀደስ ያለም ነበር። ጋሽ ቴባን «ቀን ሁለት ጊዜ አይነጋ!» ብለው ዘጉት።

በሃያ አራተኛው ንጋት ስምንተኛዋ ዳዶ ቃጭ አለች። ላይ ከመርከቧ ጠርዝ የኦክላንድ መብራት ይታይ ነበር።

«ሚንዳ፣ ቀኗን እኔ አልሰረቅኳትም» አለ ዴሊዮ። «አልተኛሁም፣ አልሰከርኩም። ባሕር በላት።»

እሺ ማለት አምሯት ነበር። ፍርሃት ግን ከፍቅር ቀድሞ አፏን ያዘው፤ የእህቷ ልጆች ፊቷ ድቅን አሉባት። «ስምንት ዘጠኝ አይደለም» አለችው። ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀፈፋት።

ዴሊዮ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቆርቆሮዋን በሁለት እጁ አቀበላት። «ቃል ቃል ነው። ዘጠኝ ሳይሞላ አልጠይቅሽም» ብሎ ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። ጋዜጣው ወንበሩ ላይ ቀረ። እሷ አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችውና እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች።

ዓመቱን ሙሉ አልጻፈላትም፤ እንዲህ ያለ ቃሉን ጠባቂ! እሷ ግን ትጽፋለች፣ ትቀድዳለች። ከቆርቆሮዋ ታች የእናቱ ሱቅ ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት አስቀምጦላት ነበር፤ ስንቴ አወጣችው፣ ስንቴ መለሰችው። ምን ብላ ትደውል? «ጨካኟ እኔ ነኝ» ትበል?

በሚቀጥለው ዓመት ውሏ በዲሴምበር መጀመሪያ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት የገና ጉዞ ሰሌዳ ተለጠፈ። ከኦክላንድ ወደ ሆኖሉሉ፤ ያንኑ የቀን መስመር በግልባጩ፣ ወደ ምሥራቅ። ቀኖቹን በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ልቧ ድንግጥ አለ። ዲሴምበር 20። ቀጥሎም ዲሴምበር 20።

«ጋሽ ቴባን!» ብላ ጮኸች። «ቀን ሁለት ጊዜ ይነጋል!»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ቆይተውም ከት ብለው ሳቁ። «ባሕር የወሰደውን ይመልሳል፤ ወረፋ መጠበቅ ነው እንጂ። ሂጂ፣ ውልሽን አስረዝሚ!»

የሠራተኛ ኃላፊው ግራ ገባው። «ሰው ሁሉ ለገና አገሬ ላኩኝ ይላል፤ አንቺ አቆዩኝ ትያለሽ?»

«ስለት አለብኝ፣ ጌታዬ።»

የመጀመሪያውን ሃያ ለራሷ አስቀደሰች። በሁለተኛው ሃያ ግን ቀድማ ገብታ ከጎኗ ያለውን ቦታ ያንኑ ያጠፈችውን ጋዜጣ አለበሰችው። አንዱ አስተናጋጅ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለው» አለች። ከሞተር ክፍል ሰዎች የለመነቻትን ዳዶ፣ ብርጭቆው ሲመታ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለቻት። ያቺን ድምፅ ዓመት ሙሉ ስትጠብቃት ኖራለች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ያን ቀን ግን በደስታ ነው ያለቀሰችው።

ሃያ አራት ቀን ሆኖሉሉ ወደብ ወርዳ ደወለች። የእናቱ ሱቅ ባለባት ቦሆል የገና ዕለት ነግቶ ነበር። የዴሊዮ እናት አነሱት።

«ዴሊዮን ፈልጌ ነበር፣ እማማ። ሚንዳ እባላለሁ፤ መርከብ ላይ…»

«አንቺ ነሽ!» አሉ ሴትዮዋ። «ነይና ልጄን ጠይቂልኝ! ባሕሩን ተወ፤ የዓሣ አጥማጆችን ሞተር እየጠገነ ደህና ይኖራል። ንጋት ንጋት ይዞኝ ሲያስቀድስ ሰንብቶ ዲሴምበር ሃያ ዕለት አልነሳ አለኝ! ዓይኑን አፍጥጦ ተጋድሟል። ታመምክ? አልታመምኩም። ታዲያ ተነሳ! ‹እማ፣ የዛሬዋ በሰው እጅ ነች› አይለኝም? የጤና ነው?»

ሚንዳ ቆርቆሮዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከወዲያ የሚሮጥ ነጠላ ጫማ ተሰማት፤ ከዚያ ትንፋሽ።

«ሚንዳ?»

«አገኘኋት» አለችው። «ቀንህን አገኘኋት። ዘጠነኛዋም ዳዶ ገብታለች፤ ብታምንም ባታምንም።» ቆርቆሮዋን አፈ ስልኩ ላይ ነቀነቀችው። «አሁን ጠይቀኝ።»

ሳንቲሟ ልታልቅ ነበር።

«ጋዜጣ ሳትዘረጊልኝ?» አለ በመጨረሻ። ጠየቃትም። እሺም አለች።

እናቷ ነገሩን ሰምተው፣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ «ይህስ የየብስ ሰው ሆኗል» ብለው መረቁ። ጋሽ ቴባን የሠርጓን ልብስ በገዛ እጃቸው ተኩሰው ላኩላት።

እነሆ ዛሬም በቦሆል ቤተ ክርስቲያን ሊቀደስ ነው። በሩ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ቆሟል፤ ገና ሳይነጋ የጎረቤት ጀልባ ሞተር ሲፈታ ቆይቶ ቱታው ዘይት ነው። ሚንዳ ጋዜጣውን በእጇ መታ መታ ታደርጋለች። ይመጣና ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። በየዓመቱ እንደሚለው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ይላል።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሃያ።»

«የትኛው ሃያ?»

«ያንተው» ትለዋለች።