በአሥራ አራት ቀን

የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው ግድግዳው በሙሉ መስታወት በሆነ ክፍል ውስጥ ነበር። ሙሽሮቹ እየዞሩ ራሳቸውን ያያሉ፤ እሷ ግን ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ ተንበርክካ፣ የቀሚሱን ጠርዝ ብቻ ታያለች። መስታወት መሃል እየዋለች ከመስታወት መሸሽ ለምዶባት ነበር።

ብጉሩ የጀመራት በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ስድስት ሲሞላትም አልለቀቃትም። ሎሚ ቀቢበት ያላት አለ፤ የጥርስ ሳሙና ለጥፊበት ያላትም አለ። እናቷ «ስታገቢ ይጠፋል» ስትላት፣ «እማዬ፣ እሱ ሳይጠፋ ማን ያገባኛል?» ብላ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። አንዱ ሲከስም ሌላው ይተካል፤ የከሰመውም ጥቁር ነጥብ ወይም ትንሽ ጉድጓድ ትቶባት ይሄዳል።

አንድ ቀን ጓደኛዋ የነገረቻትን የቅባት ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ አንድ መድኃኒት ቤት ገባች። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ፋርማሲስት ወጣት ነው፤ ነጭ ጋዋኑ ሁለት ሰው ይይዛል። ወረቀቱን አነበበና መለሰላት።

«ይሄንን አልሸጥልሽም።»

«አልቆ ነው?»

«ሞልቷል። ግን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚቀባ አይደለም። ለጊዜው ፊትሽን ያጠራዋል፤ ከዚያ ቆዳሽን ያሳሳዋል፣ ብጉሩንም ያብሰዋል። ለእህቴ የማልሰጠውን ላንቺ አልሰጥም።»

«እህት አለችህ?»

«የለችኝም» አለና ሳቀ። «ብትኖረኝ ማለቴ ነው።»

ሰዎች ሲያናግሯት ዓይናቸው ጉንጯ ላይ ይቀር ነበር። የሱ ዓይን አልቀረም። የአንዲት የቆዳ ሐኪም አድራሻ ጽፎ ሰጣት።

ሐኪሟ ጠና ያሉ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ነበሩ። «የጠባሳውን ኋላ እንደርስበታለን» አሏት። «መጀመሪያ አዲስ እንዳይወጣ እናድርግ። እየነደደ ያለ ቤት ቀለም አይቀባም።» ማታ በስሱ የሚቀባ ጄል፣ ጠዋት ደግሞ የፀሐይ መከላከያ አዘዙላት። «እጅሽን ከፊትሽ ላይ አንሺ። ሦስት ወር ሳይሞላም ለውጥ የለም ብለሽ እንዳትመጪብኝ። ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ ድራሹ አይጠፋም፤ ከአሁኑ እወቂው።»

በመጀመሪያው ወር ፊቷ ደረቀ፣ ተላጠ፣ ባሰበት። ያለቀባትን ጄል ልትገዛ ወደ ፋርማሲስቱ ስትመለስ እንባዋ ሊፈስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«ልተወው ነው።»

«የራሱን ፊት ይዞ የሚውል ሰው ለውጡ አይታየውም» አላት። «በወር አንዴ ፎቶ ላንሳሽ። እዚሁ፣ ጓዳው መስኮት ጋ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን። ከዚያ ራስሽ ትፈርጃለሽ።»

«ማን ያየዋል?»

«እኔና አንቺ። ሌላ ሰው ካየው ዓይኔ ይጥፋ።»

በመጀመሪያው ፎቶ አንገቷን እንደ ደፋች ነበር። «ቀና በይ» እያለ ለመናት፤ ቀና ያለችው ግን አንዴ ካነሳት በኋላ፣ ተናዳበት ነው። በሁለተኛው ወር ሳይለምናት ቀና አለች። በአራተኛው አዲስ ብጉር መውጣት አቆመ። በስድስተኛው ሐኪሟ ጉድጓዶቹን በመርፌ ማከም ጀመሩ፤ ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ ፊቷ ለሦስት ቀን ይቀላና ፀሐይ አይችልም። እነዚያን ቀናት ፋርማሲስቱ በምሳ ሰዓት ጥላ ይዞ እየመጣ ከሥራ ቦታዋ እስከ አውቶቡሱ ይሸኛታል። አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች «ዘንድሮ መድኃኒት ቤቱም እግር አወጣ!» እያሉ ይሳሳቃሉ።

ከጥላው ሥር ብዙም አያወሩም ነበር። ትከሻው ትከሻዋን ሲነካ ሁለቱም መንገዱን ያያሉ። በስምንተኛው ወር ግን መንገዱን ማየት ተዉ።

«ስለ ፊቴ ነው የወደድከኝ ወይስ ሥራህን ስለምትወድ?» አለችው።

«ስለ አንደበትሽ ነው። ፊትሽን ምራቂ አገኘሁት።»

ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተዋል። ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ መድኃኒት ቤቱንም የከፈተው ታላቅ ወንድሙ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሊጋቡ ተስማሙ። እናቷ ወሬውን ስትሰማ፣ «ስታገቢ ይጠፋል አላልኩሽም?» አለቻት። «ትንሽ ቀድሞ ጠፋ እንጂ ነገሩ ያው ነው።»

በአሥረኛው ወር ለመጨረሻ ጊዜ መስኮቱ ጋ አቆማት። በግራ ጉንጯ ላይ ያልሞላች አንዲት ጉድጓድ ነበረች። በጣቱ ነካት።

«ይቺ እንኳ ትቅር። ከጠፋች አድራሻሽ ይጠፋኛል።»

ከት ብላ ሳቀች። ያኔ ነው ያነሳት።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሠርጓ ሦስት ሳምንት የቀራት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች።

«አንገቱ እንዲታየኝ ሻሹን ፍቺው፣ የኔ እመቤት» አለቻት ሰፊዋ።

አስተማሪዋ አመነታች። ከዚያ ፈታችው። ጉንጮቿ ፍም መስለዋል፤ በቅላቱ ላይ ብጉር ከዳር እስከ ዳር ፈልቷል።

«ልጆቹ ‹ቲቸር፣ ማን መታሽ?› ይሉኛል» አለች ለመሳቅ እየሞከረች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ የሰፊዋን ፊት አየች። ዞር ብላ በቀጥታ አየቻት። «አንቺ ነሽ አይደል? የቅባቱ ልጅ!»

«የምን ቅባት?»

«ሱቁ መስኮት ላይ ያለሽው! ፎቶሽን አይቼ እኮ ነው የገዛሁት። አንቺን በአሥራ አራት ቀን እንዲህ ካጠራሽ እኔን ለምን አቃጠለኝ? አቀባቤ ተሳስቶ ነው?»

ሰፊዋ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አወጣች። የሱቁን አድራሻ ጠየቀቻት፤ ምሳ ሰዓት እስኪደርስም አልጠበቀችም።

ሱቁ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። የመስታወቱን ግማሽ የያዘው የሷ ፊት ነበር። በግራ በኩል አንገቷን የደፋችበት፣ በቀኝ በኩል የሳቀችበት፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «በአሥራ አራት ቀን!» ይላል። በግራው ፎቶ አልተከፋችም። እንደዚያ እንደነበረች ታውቃለች። የከፋት ሳቋ ነው። ያ ሳቅ የአንድ ሰው ነበር፤ አሁን የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያየዋል። በውስጥ በኩል ስም የሌላቸው ነጫጭ ብልቃጦች ተደርድረዋል። የሱቁን ባለቤት አወቀችው፤ የፋርማሲስቱ ወንድም ነው።

መድኃኒት ቤቱ ስትደርስ ፋርማሲስቱ ክኒን ይቆጥር ነበር። አያትና እጁ ቆመ።

«አየሽው?» አለ።

ያስተባብላል ብላ የተዘጋጀችበት ሁሉ ባዶ ቀረ።

«ወንድሜ ዓይኗን እሸፍነዋለሁ ብሎኝ ነበር። ለአንድ ወር ብቻ ነው ያለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ፤ እሱ እኮ አባቴ ማለት ነው።»

«ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

ክኒኖቹን እንደገና መቁጠር ጀመረ።

«እኔ ልንገርህ። መጀመሪያ ቀን አልሸጥልሽም ያልከኝ ነው። ለእህትህ የማትሰጠው።»

«ለእኛ ብዬ ነው። ይቺን መድኃኒት ቤት ለእኔ ሊለቅልኝ፣ ጎጆ ስንወጣ—»

«ለእኛ አትበል። እኔ አልነበርኩበትም። ለእኔ የከለከልከውን በእኔ ፊት ሸጥከው።»

ከባንኮኒው ዞሮ ሊመጣ ሲል እጇን ዘርግታ አስቆመችው። እሱም ባለበት ቆመ። «ነገ አስነሳዋለሁ። እምልልሻለሁ።»

«በምን ትምላለህ? ዓይንህ እንደሆነ ጠፍቷል።»

አርብ አስተማሪዋን ይዛ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ የአስተማሪዋን ብልቃጥ ከፍተው አሸተቱ፣ ዘጉት፣ መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት። «ይሄ ለሚመለከተው ክፍል ይሄዳል» አሉ። «አንቺ ልጄ፣ ፊትሽ ከመሻሉ በፊት ትንሽ ይብሳል። አትደንግጪ፤ ወደ ቅባቱም አትመለሺ።» አስተማሪዋ እስከ ደጅ ድረስ አለቀሰች። ሰፊዋ ይቅርታ ስትጠይቃት ግን፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ገንዘቤን ነው፤ አንቺን እኮ ራስሽን ነው የወሰዱሽ» አለቻት።

ቅዳሜ ሱቁ ሲጨናነቅ ሰፊዋ ገባች። ፎቶው አልተነሳም። ከፎቶው አጠገብ ቆመችና ብልቃጥ ወደያዙት ሴቶች ዞረች።

«ይቺ እኔ ነኝ። በአሥራ አራት ቀን ሳይሆን በአሥር ወር ነው የዳንኩት፤ በሐኪም። ይሄን ቅባት በእጄ ነክቼው አላውቅም።»

ወንድምየው ፈገግ ብሎ መጣ። «እህቶቼ፣ ምቀኛ የላከብኝ ናት። እሷ አይደለችም፤ ትመስላታለች ብቻ። ይኸው፣ ፎቶውን ያነሳው ራሱ ይንገራችሁ።» ወደ ኋላ ተጣራ። ፋርማሲስቱ ካርቶን ታቅፎ ከመጋዘኑ ወጣ።

«ውሸቷን ነው በላቸው!»

ፋርማሲስቱ ወንድሙን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ፊቷን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እያንዳንዷን ጠባሳ በየወሩ ቆጥሯታል። እሷም በልቧ «በል እንጂ» አለችው። በዚያች ደቂቃ ሁሉንም ልትረሳለት ዝግጁ ነበረች።

ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ብልቃጦቹን እያወጣ መደርደር ጀመረ።

አንዲት ሴት ጉንጯን አተኩራ አየችና፣ «ኧረ እሷው ናት! ጉድጓዷ ያውና!» ብላ ብልቃጧን መለሰች። ሌላዋም ተከተለቻት። ሰፊዋ ግን ይህን ሁሉ አላየችም፤ ወጥታ ነበር።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሱቁን አሸጉት። አስተማሪዋ ፊቷ ገና እንደቀላ በቀኗ አገባች፤ ሠርጉ ይተላለፍ ስትል ሙሽራው «የማገባው ፊትሽን ብቻ መሰለሽ እንዴ? ምላስሽንም ችዬ ነው!» ብሎ አሳቃት። ፋርማሲስቱ ሦስት ጊዜ ወደ ሰፊዋ ሥራ ቦታ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሴቶቹ «የለችም» አሉት። በመጋረጃው ስንጥቅ ጀርባውን እያየች ቆማ ነበር።

አራት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በተሞላ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ ቦታ ለቀቀላት። ቀና ስትል እሱ ነው። ከስቷል። ከወንድሙ ተለይቶ አንድ ሆስፒታል እንደሚሠራ ነገራት። እሷም የራሷን ሱቅ እንደከፈተች ነገረችው። ከዚያ የሚባል ነገር አለቀ፤ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ከራሷ በላይ ያለውን ብረት ጨብጦ ሁለቱም በመስኮቱ ውጭውን አዩ።

«‹እውነቷን ነው›» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ቃል እኮ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ማታ ማታ እላታለሁ።»

«አዎ» አለችው በቀስታ። «ሁለት ቃል ነበር።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«ይቅር ካልኩህ ቆየሁ። አንተን ማመን ነው የቀረኝ፤ እሱ በእኔ እጅ አይደለም።»

ራሱን ነቀነቀ። መውረጃው ሲደርስ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሰው ገፋውና ወረደ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ጥግ ላይ ቆሞ አየችው። ዞራ እስኪጠፋባት ድረስ አየችው።

ልብ ስትል የራሷን መውረጃ ሁለት ፌርማታ አልፋዋለች። ወርዳ በእግሯ ተመለሰች።