አባ ጠብታና ሾፌሯ

ሾፌሯ ያን ቀን ሰው አልገጨችም። ይህን ሁሉም ነግሯታል፤ አለቃዋም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ብስክሌተኛው ራሱም። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ብስክሌቱ ተንሸራቶ ሰውየው አውቶቡሷ ፊት ሲዘረጋ፣ ፍሬን ስትረግጥ ጎማው ከጭንቅላቱ አጠገብ ለጥቂት ቆመ። ሰውየው ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ «እግዜር ይስጥሽ» ብሏት መንገዱን ቀጠለ። እሱ ሲሄድ ድንጋጤው እሷ ዘንድ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መሪ በጨበጠች ቁጥር ደረቷን አንዳች ነገር ይጨምቃታል። መዳፏ በላብ ይርሳል፤ የገዛ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቃል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። «ድሮስ ሴት ሾፌር!» የሚሉ አፎች እንዳሉ ታውቃለች፤ ይህን ቢሰሙ ሠርግና ምላሽ ነው የሚሆንላቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ወረደ። ሞተሩን አጠፋች። መልሳ ልታስነሳ ስትል ጣቶቿ ቁልፉ ላይ ተንቀጠቀጡ፤ አየር አጠራት።

«እኔ አልወረድኩም እኮ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ታዲያ ውረዳ!» አለች ሳትዞር።

«እወርዳለሁ። ችግኞቼን ልሰብስብ።»

ሰበሰበ። ግን እንዴት ያለ አሰባሰብ! አንዷን ችግኝ አንስቶ አገላብጦ ያያታል፤ ቅጠሏን ያብሳል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጣታል፤ ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ ያወጣታል። በመስታወት ስታየው መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ ገረማት። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

«አልጨረስክም?»

«አንቺ ስትጨርሺ እጨርሳለሁ» አላት።

ያኔ ዞር ብላ አየችው። ጥፍሮቹ አፈር የገባባቸው፣ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠም ቶሎ ወለሉን የሚያይ ወጣት ነበር። ሣጥኑን አቅፎ ወረደ።

ማታ ለታላቅ እህቷ ሁሉንም ነገረቻት። እህትየው ፋርማሲስት ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ነች፤ ምላሷ ስለት፣ ልቧ ቅቤ። «አንቺ ልጅ! ይህን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ ነው ሰው የምታመላልሺው?» ብላ በማግስቱ እጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላት፤ በየሳምንቱ ከምታነጋግራት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋርም አገናኛት። እስኪሻላት ድረስ መሪ እንዳትነካ ተባለ። መሥሪያ ቤቷም እዚያው የመጨረሻው ፌርማታ ካለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ አውቶቡሶች ሲገቡና ሲወጡ እየተቆጣጠረች እንድትሠራ መደባት።

ከቢሮዋ መስኮት ማዶ ጣሪያው መስታወት የሆነ የችግኝ ቤት ይታያል። ባለቤቱ ያ ችግኝ ሲሰበስብ የነበረው ወጣት ነበር።

ሾፌሮቹ «አባ ጠብታ» ይሉታል። ጠዋት የፈኩ አበቦችን ለቅሞ፣ በብርጭቆ ሳህን ንጹሕ ውሃ ላይ አንሳፍፎ ፀሐይ ላይ ያውለዋል። ከዚያ አጥልሎ፣ እንዳይበላሽ ጥቂት አልኮል ጨምሮ፣ በትንንሽ ጠርሙስ ይሞላዋል። ፈተና ያስጨነቀው ተማሪም፣ እንቅልፍ የራቃት አራስም ይመጣሉ፤ ጠብታዋን ከምላሳቸው ሥር አድርገው ይሄዳሉ።

እሷም አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻገረች።

የተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀመጣትና ቀድሞ የጠየቃት «ሐኪም አይቶሻል?» ብሎ ነው። እንዳያትና መድኃኒት እንደምትወስድ ስትነግረው ወደ መደርደሪያው የዘረጋውን እጁን መለሰ።

«ከመድኃኒት ጋር አልኮሉ ይቅርብሽ። ላንቺ በአቼቶ እሠራልሻለሁ። ለሐኪምሽም ንገሪው። ደግሞ አደራ፣ ይኼ ሚዜ ነው፤ ሙሽራው ሕክምናሽ ነው።»

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቀች እሷም አላወቀችውም።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ሁሉ የእነሱ ሆነ። ጠብታዋን ከምላሷ ሥር አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጎምዛዛዋ ጣዕም እስክትጠፋ ትቀመጣለች። እሱ ዝም ብሎ ችግኝ ያጠጣል። አንዳንዴ ዓይኗን ስትገልጥ ሲያያት ታገኘዋለች፤ ያኔ አሁን ያጠጣትን ችግኝ እንደገና ያጠጣታል።

«እውነት ይሠራል ግን?» አለችው አንድ ቀን።

«እናቴ ጭንቀታም ነበረች፤ ይህን ስትሠራ ትረጋጋለች። አበባው ይሁን፣ ውሃው ይሁን፣ ቁጭ ማለቱ ይሁን፣ እኔ እንጃ።»

እህትየው ግን ነገሩን ስትሰማ እንጀራ እናት ሆነችበት። «ውሃ ነው እኮ! ያውም ያልፈላ ውሃ! እኔ አምስት ዓመት የተማርኩትን ሰውዬው በአንድ ሳህን ሊያጥበው ነው?»

ወራት አለፉ። ሾፌሯ እንቅልፏ ተመለሰ፤ ፊቷ ወዛ። ነገር ግን ፍቅር ሲገባ ልክ አያውቅምና፣ ለደህንነቷ ምስጋናውን ሁሉ ለአንዲት ጠርሙስ ሰጠች። አንድ ሳምንት ቀጠሮዋን ዘለለች፤ በሌላው መድኃኒቷን ተወች። ለእህቷም ሳትነግራት ቀረች። ለእሱ ግን የምሥራች መስሏት ነገረችው።

«ሐኪሙን ትቼዋለሁ። ያንተ ጠብታ በቃኝ።»

ማጠጫው እጁ ላይ ቀረ።

«መቼ?»

«ምነው? ደስ አይልህም?»

«አይለኝም። ነገ ተመለሺ። እስክትመለሺ ድረስ ከእኔ አንዲት ጠብታ አታገኚም።»

«በገዛ ሥራህ አታምንም ማለት ነው!»

«አምናለሁ። ልኩንም አውቃለሁ። ከአቅሜ በላይ ሰቅለሽኛል፤ እኔ ወድቄ አንቺን እንዳልሰብርሽ ነው የምፈራው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሰለቸሁህ እንዴ? እንዳልመጣ ከፈለግክ ፊት ለፊት ንገረኝ።»

አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ሊል ሊል ብሎ ዋጠው። እሷም ዝምታውን መልስ አድርጋ ወሰደችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ያ የሚያውቃት ነገር ደረቷን ጨመደዳት። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። እህቷ ሮጣ መጥታ ወለሉ ላይ አብራት ቁጭ አለች፤ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ እንደ ሕፃን አባበለቻት። ሾፌሯም እያለቀሰች ያደረገችውን ሁሉ አወጣች።

«ማን ነው ተዪው ያለሽ? ያ የውሃ ሰውዬ ነው፣ አይደል?»

«እሱማ አትተዪ ብሎ ነው ያባረረኝ፣ እትዬ።»

ፀጉሯን ሲደባብስ የነበረው የእህትየው እጅ ቆመ። «ደግመሽ ንገሪኝ እስቲ።»

ደግማ ነገረቻት።

«እንግዲህ ጠብታውን አላምንም፤ ዛሬም አላምንም» አለች እህትየው። «ሰውየውን ግን አመንኩት። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ነገ ሐኪምሽ ዘንድ አብረን ነን።»

የመዳን ዳገቱ በሁለተኛው ጊዜ ከፍ ብሎ ጠበቃት፤ ቢሆንም ወጣችው። በየሳምንቱ ባለሙያዋ ፊት ተቀምጣ ያን የዝናብ ቀን ፍርሃቱ እስኪደበዝዝ ድረስ ተረከችው። በምሳ ሰዓት ከመስኮቷ ማዶ ታያለች፤ አትሻገርም። እሱም አልፎ አልፎ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ቢሮዋ ያይና አንገቱን ደፍቶ ይገባል።

በመጨረሻ ሐኪሙ ፈቀደላት። አለቃዋ ጎኗ ተቀምጦ ከተማዋን ዞረች። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዶ «እንኳን ደህና መጣሽ» ሲላት፣ ሞተሩን አጠፋችና በቀጥታ መንገዱን ተሻገረች።

እጅጌውን ሰብስቦ ሳህኖቹን እያጠበ ነበር። ሲያያት ቧንቧውን መዝጋት ረሳ።

«ጠብታ ልስጥሽ?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ ነዳሁ።»

«አየሁሽ» አለ። ጆሮው ቀላ። «ስታልፊ አየሁሽ።»

«ያለ ሕመም መምጣት ይከለከላል?»

ውሃው ይፈስሳል። እሱም ወለሉን አላየም፤ እሷን ነበር የሚያየው።

«ያን ቀን ንገረኝ ስትዪኝ፣ እወድሻለሁ ልል ነበር። ጭንቅ ይዟት የመጣችን ሴት እንዲህ ማለት ሌብነት መሰለኝ። ስለዚህ ዋጥኩት።»

«ይህን ሁሉ ወር?»

«አልወረደልኝም እንጂ ዋጥኩትስ።»

ቀርባ ቧንቧውን ዘጋችው። የራሰ እጁን በሻርፗ ጠቀለለችው፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስኪረጋ ድረስ በሁለት እጇ ይዛው ቆየች። ከእሷ እጆች አንዱም አልተንቀጠቀጠም።

«እህትሽን ግን እፈራታለሁ» አለ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«እሷማ ስትጠብቅህ ከረመች። እሑድ ለምሳ ይምጣ ብላለች።»

«ኧረ! ምን ይዤ ልምጣ?»

«ከውሃ በቀር ደስ ያለህን።»