ያልተነሳው ፎቶ

ፎቶ አንሺው በስቱዲዮው ደረጃ ግርጌ አንገቱ ተሰብሮ ሲገኝ፣ አዲሷ ካሜራ ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለች ነበር። ፊልም አትፈልግም፤ ፎቶዎቿን የምታስቀምጠው በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው። ከገዛት ወዲህ ሰውየው እንደ ልጅ ሆኖ፣ ያገኘውን ሁሉ እያነሳ ወዲያው በስክሪኗ ሲያሳይ ይውል ነበር።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የካሜራዋን የዲስክ ማስገቢያ ከፍታ አየች። መልሳ ዘጋችው።

ሲወድቅ አየሁ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የስቱዲዮው ፊልም አጣቢ። የሟች አብሮ አደግና ሚዜ ነው። ዕድሜውን በጨለማ ክፍል ስለፈጀ «ጨለማው» ይሉታል።

«እንዴት ወደቀ?»

«እኔን ሊያነሳ ወደ ኋላ ሲሄድ። አንዴ ብልጭ አደረገብኝ፤ ልድገምህ ሲል ደረጃውን ሳተ።»

«እርስዎ በካሜራዋ ይሠራሉ?»

«ነክቻት አላውቅም። የልጅ መጫወቻ ናት።»

ደንበኛ የምትቀበለው የሟች እህት አልደበቀችም። «ጠዋት ተጣልተን ነበር። የጨለማ ክፍሉን ዕቃ ሲያስወጣ፣ ጓደኛህ ሳያይ ንገረው አልኩት። ዛሬ እነግረዋለሁ አለኝ። ከምሳ በኋላ ስወጣ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።»

የሟችን ሚስት ቤቷ አገኘቻት። «ምሳ በልቶ ሲወጣ ዲስኩን ለልጆቹ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ፎቷቸውን በኮምፒውተር እንዲያዩ።»

«ሌላ አልያዘም?»

«ሌሎቹም እዚሁ ቤት ናቸው።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ካሜራዋን ለጨለማው አቀበለችው።

«እስቲ አንሱኝ።»

ቁልፏን ተጫነ። ብልጭታ የለም። ስክሪኗ ላይ ዲስክ እንደሌለ የሚናገር ጽሑፍ ብቻ ወጣ።

«ሬሳው ላይም እንዲሁ ባዶዋን ነበረች» አለች። «ኪሱንም፣ ስቱዲዮውንም ፈትሻለሁ፤ አንድም ዲስክ የለም። ዲስክ ከሌላት አታነሳም፤ ብልጭም አትልም። ስለዚህ ትናንት ማንም እርስዎን አላነሳም። ሰውየው ወደ ኋላ የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም፤ የገፋው ሰው ካልኖረ በቀር። ካሜራዋን ንቀው ስላልነኳት ይህን አላወቁም።»

ጨለማው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ዕቃዬን እንደ ጥራጊ ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ፊልም አበቃለት አለኝ፤ እየሳቀ። ገፋሁት። ቀድሞ የከዳኝ እሱ ነው።»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች የሟች እህት ቀስ ብላ።

ሚስቱ ሌሊቱን ሙሉ በዚህ ሰው ትከሻ ላይ ነበር ያለቀሰችው። አሁን ራቅ ብላ ቆመች።

«ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ሁለታችሁንም አስመዝግቦ ነበር» አለችው። «ያለ ጓደኛዬ አልጀምርም ብሎ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ደስ የሚል ነገር ሊናገር ሲል ሳቁ ይቀድመው የለ? ከእኔ በፊት አንተ ታውቀዋለህ።»

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ የጨለማውን ክንድ ያዘ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሚስትየዋ ጠራችው።

«ልጆቹ አጎታችን ይምጣልን እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?»