የሆጤው ሰርቨርና ያ ቅዳሜ

በ2007 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የኮምፒውተር ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ እስኪገኝ ደሴ ሆጤ አባቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ያኔ በሰፈራችን ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ያስገባነው ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቴ «አባባን በምስል ካላየሁ» ብላ ስላስቸገረች ነው። እሷ የምትደውለው በሳምንት አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ በቀረው ቀን መስመሩ የእኔ ነበር።

እኔን ደግሞ አንድ ጨዋታ ይዞኝ ነበር። ብሎክ እየደረደሩ ቤትና መንገድ፣ መንደርም የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። አሮጌዋን ኮምፒውተሬን ሌሎች የሚገቡባት ሰርቨር አድርጌ፣ ኮምቦልቻ ካሉ ጓደኞቼ ጋር አብረን እንድንጫወት ፈለግሁ። ቤት ውስጥ ስሞክረው ይሠራል። ጓደኛዬ ከሪማ ከኮምቦልቻ ስትሞክረው ግን አይገባላትም። ሁለት ሳምንት ታገልኩት።

ቢቸግረኝ ፒያሳ ወዳለ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሄጄ ለባለ ሱቁ ነገርኩት።

«ራውተሩ ተበላሽቶ ነው። አዲስ ግዢ» አለኝ።

«አልተበላሸም» አለ ከኋላዬ የቆመ ሰው።

ዞር አልኩ። ቀጭን፣ ረዥም ወጣት ነው። የገዛውን ዕቃ በብብቱ ይዟል። «ፖርቱን ከፍተሻል፣ እህቴ?»

«የምን ፖርት?»

ሳቀ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ሳቁን ዋጠ። ባንኮኒው ላይ የነበረ ባዶ ካርቶን ስቦ በስክሪብቶ አንድ ግቢ ሣለ። በሩ ላይ ዘበኛ፣ ውስጡ ቁጥር የተጻፈባቸው ክፍሎች።

«ራውተሩ ዘበኛ ነው። ከውጭ እንግዳ ሲመጣ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚወስደው ካልነገርሽው ይመልሰዋል። ያንቺ ኮምፒውተር አምስት ቁጥር ከሆነ፣ ‹ለጨዋታ የመጣውን ሁሉ ወደ አምስት አስገባ› ብለሽ ታዢዋለሽ። በቃ።»

ሀፊዝ ይባላል። ኮምቦልቻ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው። ስልኩን ካርቶኑ ጥግ ላይ ጽፎልኝ ሄደ።

በማግሥቱ ደወልኩለት።

«የራውተሩን ገጽ ከፈትሽ?»

«ከፈትኩ። የይለፍ ቃል ይላል።»

«ከሥሩ ተለጥፏል፣ ገልብጪው።»

ገለበጥኩት። «ሀፊዝ፣ መብራቶቹ ሁሉ ጠፉ!»

«ገመዱን ነቀልሻታ!»

«ገልብጪው ያልከው አንተ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሱ እየነገረኝ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ አንድ ሰዓት ያህል ለፋን። በመጨረሻ በባዶው ሜዳዬ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ብቅ አለና ሦስት ጊዜ ዘለለ።

«ገባሁ!» አለ በስልኩ። «ያለ ታክሲ ደሴ ገባሁ!»

አንድ ችግር ግን ቀረ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቤታችን ከውጭ የሚታወቅበት ቁጥር ይቀየራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አዲሱን ቁጥር በመልእክት እልክለት ጀመር። መጀመሪያ ቁጥሩን ብቻ ነበር። ቆይቼ «ደሴ ዛሬ ብርድ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። «እዚህ ፀሐይ ነው፣ ልላክልሽ?» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ሰበብ ሆነ።

ከአስር ሶላት በኋላ እንገናኛለን። እኔ ከላይ ደሴን ስሠራ፣ እሱ ከታች ኮምቦልቻን ይሠራል። በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከሁለት ወገን ጀምረን መሐል ላይ ገጠምነው። አልፎ አልፎም እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከከሪማ ጋር ሆነን ጭማቂ እንጠጣለን። ከሪማ ስታወራ እሱ እሷን እየሰማ እኔን ያያል። እኔ ብርጭቆዬን አያለሁ። በሰርቨሩ ላይ እንደዚያ የምንለፋለፍ ሰዎች ፊት ለፊት ስንቀመጥ ቃል ያጥረን ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሀፊዝ አንድ ነገር ሠራልኝ። የውጭው ቁጥር ቢቀየርም የማይቀየር ስም ለሰርቨሩ አወጣለት። «ከእንግዲህ ቁጥር መላክ የለብሽም፣ አብሽሪ» አለኝ። ድካሜን ሊቀንስልኝ ነው። የጠዋቷ መልእክት ግን እዚያው ቀረች፤ ሌላ ሰበብ ፈጥሬ ልልክ አፈርኩ።

ግንቦት መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ በጨዋታው ውስጥ ሐረጎ መታጠፊያ ላይ የሠራውን ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። በሩ አጠገብ ሰሌዳ ተክሏል። «ይህን በእውነት ብንሠራውስ?» ይላል።

ሰሌዳውን ደግሜ አነበብኩ። እሱ ግን መጻፉን ቀጠለ። እናቱ እትዬ መዲና የሟች አባቱን ወዳጅ ልጅ ከሐርቡ ሊያጩለት ዓመት ሙሉ ሲወተውቱት ከርመዋል። ረመዳን ሳይገባ መልስ ይፈልጋሉ። «የኔ መልስ ያንቺ መልስ ነው» አለ።

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። «ቅዳሜ ከአስር በኋላ እዚሁ ቤት ና።»

ጊዜ የፈለግሁት ለማሰብ አልነበረም። መጀመሪያ ለአባባ መንገር ነበረብኝ። አርብ ከጁምዓ ሲመለስ ውኃ አቀረብኩለትና ተንተባተብኩ።

«አባባ፣ ሽማግሌ ልላክ የሚል ሰው ቢመጣ...»

አየኝ። አባቴ ሸረፈዲን ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «ሰው ነው?»

«ሰው ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ይምጣ።»

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ቀትር ላይ መጣ። ኮምፒውተሬን አስነሥቼ ገባሁ፤ ሁሉም በቦታው ነበር። ከእሱ ሰሌዳ ጎን የራሴን ተከልኩና «እሺ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ።

የአስር ሶላት አለፈ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። መንገዱ ላይ ማንም አልመጣም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሰሌዳዬን ነቅዬ ሰበርኩት።

ልደውልለት ስልኩን ስንቴ አነሣሁ። ግን ምን ልል? ጠይቆ የተጸጸተን ሰው ‹ለምን ቀረህ› ብላ የምትከተል ሴት መሆን አሳፈረኝ። ረመዳን ገባ። «ጾም ነው፣ ጨዋታ ትቶ ይሆናል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ወሩን ሙሉ ሰርቨሩን አላጠፋሁትም።

ከኢድ በኋላ ከሪማ ልትጠይቀን መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ሰርቨሩን ለምን ዘጋሽው?» አለችኝ።

«መቼ ዘጋሁት?»

«ወላሂ ከግንቦት ጀምሮ አይከፈትም። ሀፊዝም ‹ዘግታዋለች፣ አታስቸግሪያት› ሲለኝ ተውኩት።»

ተነሥቼ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። ትእዛዙ እንዳለ ነው፦ ለጨዋታ የመጣውን ሁሉ ወደ አምስት። የኔ ኮምፒውተር ግን ስምንት ቁጥር ሆኗል። አምስት ቁጥርን የያዘው እህቴ በዚያ በቅዳሜው ሳምንት ከጅዳ የላከችው የአባባ አዲስ ስልክ ነው። ቅዳሜ መብራት ሲመጣ ስልኩ ቀድሞ ተገናኘ፣ ራውተሩም ቁጥሬን ለእሱ ሰጠው። እኔ ከቤት ሆኜ ሁሉን ክፍት አያለሁ፤ ከውጭ የመጣው ግን በሩ ተዘግቶበት ይመለሳል።

ለማስተካከል አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ነጠላዬን ደርቤ መናኸሪያ ወረድኩ። ዝናብ ነበር። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሚኒባሱ በእግር እንደሚሄድ ሰው ይጓዝ ነበር።

ሀፊዝ ሱቁ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ፈትቶ ተቀምጧል። ሲያየኝ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«መጥቼ ነበር» አለኝ ሰላምታ እንኳ ሳይለኝ። «እስከ መግሪብ ሞከርኩ። ‹እንዳላፍር ብላ በሩን ዘጋችው› አልኩ።»

«መደወል አቃተህ?»

«አንቺስ?»

ከዚያ ስለ አምስትና ስለ ስምንት ነገርኩት። ገና ሳልጨርስ ገባው። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«የኮምፒውተርሽን ቁጥር እንዳይቀየር አንድ ቦታ ማሰር ነበረብኝ። ለማንም የማልረሳውን ላንቺ ረሳሁት! ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የማንም አይደለም።»

«ኢስራ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሐርቡዋ ልጅ ጋር ኒካ የምናስረው የፊታችን ሐሙስ ነው።»

ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ይደበድባል።

«ልጅቷ ደህና ሰው ናት፤ ክፉ አልናገርባትም። ግን ቅዳሜ ምን ልትዪኝ እንደነበር ንገሪኝ። እሺ ልልህ ነበር ካልሽኝ፣ ዛሬውኑ ለእናቴ እነግራታለሁ።»

ደስታዬ እፊቴ ቆሞ ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን ሐርቡ ውስጥ ስሟን እንኳ የማላውቃት ልጅ እጇን ሂና ተቀብታ ቀን እየቆጠረች ነበር። እትዬ መዲና ዘመድ ጠርተዋል። እኔ በአንድ ቅዳሜ የደረሰብኝን አውቀዋለሁ። እሺ ካልኩ ያው ነገር እሷ ላይ በአገር ፊት ሊደርስባት ነው።

«አይሆንም ልልህ ነበር» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ያኔ በጭማቂ ቤቱ የሸሸሁትን ዓይን ያን ቀን አልሸሸሁትም።

«ወላሂ በዪኝ» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። ለልጅቷ ስል ልዋሸው ችዬ ነበር፤ በአላህ ስም ግን ውሸት መማል አልቻልኩም። እንዲሁ ቆምኩ። እሱም አንገቱን ደፋ፤ እውነተኛውን መልስ ከዝምታዬ እንደወሰደ አወቅሁ።

«ተይ፣ መሐላውን ተይው። እንዳልሽው ይሁን» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጀዛኪላህ ኸይር፣ ኢስራ።»

ጃንጥላውን በኔ ላይ ይዞ፣ ራሱ እየበሰበሰ፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር እንደዚያ ተግባብቼ አላውቅም። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስታወቱ አየሁት፤ ጃንጥላውን አጥፎ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። እስከ ሐረጎ ድረስ ቻልኩት። ጉሙ ውስጥ ስንገባ ግን፣ ማንም ማንንም በማያይበት፣ አለቀስኩ።